ከአሥር ሦስት የሰጠሁት ሲዝን

ባለፈው ሳምንት ከአስኮ በታክሲ ስመጣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች አኒሜ በሚሉት በአንድ የጃፓን ተከታታይ ካርቱን ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ሁለተኛውን ሲዝን አይቶ ጨርሷል፤ እጁን እያወናጨፈ ለጓደኛው ይተርካል። ጓደኛው ደግሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ባክህ ቀሽም ነው፤ የመጀመሪያው ይሻላል» ይላል። ምኑ ቀሽም እንደሆነ ሲጠየቅ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «በቃ ቀሽም ነዋ!» ልጁን ያቃጠለው ፊልሙ አልነበረም፤ ጓደኛው ቀድሞት ማየቱ ነው። እንዲህ ያለውን ድምፅ የትም ብሰማው አልስተውም፤ በሃያ ዓመቴ የራሴ ድምፅ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ሳንሱሲ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ጋሽ ብርሃኑ የሚባሉ ሰው ፊልም ቤት ነበራቸው። ከፊት በኩል በኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ፊልም ይጭናሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ክፍል አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው እዚያ ተሰብስቦ ተከታታይ ፊልም ያያል። ክረምት ላይ ጭቃው ከጫማ ጋር አብሮ ይገባል፤ ክፍሉ ሁሌም የቆሎና የእርጥብ ካልሲ ሽታ ነበረው። ቆሎውን በሩ ላይ የሚሸጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ታሪኩ ሲሞቅ ቆሏቸውን ትተው ይገቡ ነበር።

እኔ የዚያ ክፍል አስተርጓሚ ነበርኩ። አኒሜው ንግግሩ ጃፓንኛ፣ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። የመጀመሪያው ሲዝን አንድ ክረምት ሙሉ ወሰደ። በረዶ በማይቀልጥበት አገር አባቱ የተገደለበት ወጣት ልዑል ይንከራተታል፤ ነጭ ፀጉር ያላት ጠንቋይ ከኋላ ከኋላው ትከተለዋለች። ኮርኒስ የሌለውን ቆርቆሮ ዝናብ ሲደበድበው ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮኻለሁ። ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ፊልሙን እኔ የሠራሁት ይመስል ትከሻዬን መታ መታ እያደረገኝ ይወጣል። ያ ነገር እንዴት ይጥም ነበር!

እንግሊዝኛዬ ግን ያን ያህል አልነበረም፤ አሁን ምን ይደበቃል። ያልገባኝን እፈጥር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠንቋይዋ ልዑሉን ከተኩላ አድና ረጅም ነገር ተናገረች። ጽሑፉ አመለጠኝ። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞሮ ይጠብቀኛል።

«እናቱ ነኝ አለች!» አልኩ።

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔማ አውቄያለሁ፤ አስተያየቷ የእናት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልመለስ? ሲዝኑ እስኪያልቅ እናት አድርጌ አቆየኋት።

ቢንያም ሁልጊዜ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። በአንድ ግቢ ነው ያደግነው። ከሲታ፣ ዝምተኛ፣ መዝገበ ቃላት እንደ ልብ ወለድ የሚያነብ ልጅ ነበር። በእንግሊዝኛ እንደሚበልጠኝ አውቃለሁ። ያን ቀን እናት ስፈጥር ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

በዓመቱ ሰኔ ላይ ሁለተኛው ሲዝን መጣ። በርጩማዬን ስቤ ልቀመጥ ስል ጋሽ ብርሃኑ፣ «ተወው የኔ ልጅ፣ ዛሬ እረፍት ነህ። ቢንያም በአማርኛ ጽፎታል» አሉኝ።

ለካ ጋሽ ብርሃኑ ሲዝኑ በእጃቸው እንደገባ ከማንም በፊት ለሱ ሰጥተውት ኖሯል። እሱም ኮምፒውተር ላይ ወራት ተቀምጦ፣ በእንግሊዝኛው ቦታ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ጽፎ፣ ከተናጋሪው አፍ ጋር አስተካክሎታል። አንድ ግቢ እየኖርን ትንፍሽ አላለልኝም። ሊያስደስተኝ አስቦ ይሆናል ብዬ ዛሬ አስባለሁ፤ ያኔ ግን ከጀርባዬ የተጎነጎነ ተንኮል ሆኖ ነው የታየኝ።

ፊልሙ እንደጀመረ ዝናቡ ወረደ። እኔን ሁልጊዜ የሚያሸንፈኝ ዝናብ ለሱ ምንም አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ በጸጥታ ያነባል፤ ሲስቅ አብሮ ይስቃል፤ ወደኔ የሚዞር የለም። ከኋላ አንዱ፣ «አስተርጓሚው ሥራ ፈታ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ቅናቴን ደብቄ ሳቅሁ። ከቅናቱ በታች ደግሞ ፍርሃት ነበር። ጠንቋይዋ ብቅ ባለች ቁጥር ቢንያም የጻፈው እውነቱን ያወጣዋል፤ እናት ማለቴ ውሸት መሆኑን ሳንሱሲ በሙሉ ያውቃል። በዚያ ቀን በታዩት ሁለት ክፍሎች አልመጣችም። ቀሪዎቹ አሥሩ ግን ከፊቴ ነበሩ።

ጋሽ ብርሃኑ አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ተከታታይ ሲገባ ከሰዉ ቀድሜ እስከ መጨረሻው አይቼ፣ ከአሥር ነጥብ ሰጥቼ በእጄ የጻፍኩትን አስተያየት የሱቁ መስታወት ላይ ይለጥፉታል። የሰፈሩ ሰው ያን ወረቀት እንደ ሥራ ማስታወቂያ ቆሞ ያነበዋል፤ ከሰባት በታች ለሆነ ፊልም ቅዳሜውን የሚሰጥ የለም። ሰኞ ዕለት ፍላሹን ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሳልከፍተው ሁለት ቀን አሳድሬ መለስኩት። ወረቀቱን ግን ጻፍኩ፦

«ሁለተኛ ሲዝን። ከአሥር ሦስት። ውጊያው አንሷል፤ ታሪኩ ተንዛዝቷል፤ ትርጉሙ ታሪኩን በማያውቅ ሰው የተሠራ ነው። ቅዳሜዎን አያባክኑ።»

ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ ቢንያም ሳይጸልይ ተሰጠው።

ረቡዕ ማታ ግቢያችን በር ላይ አገኘኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «እስከ መጨረሻው አየኸው?» ብቻ ነው ያለኝ።

«አዎ፤ ሁሉንም።»

«እሺ» አለ። ገብቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አንድ አግዳሚ እንኳ አልሞላም። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ቦምቦሊኖ እየበላሁ የሚገባውን ሰው እቆጥር ነበር። ስድስት ሰው። ያ ቦምቦሊኖ እንዴት እንደጣፈጠኝ ሳስታውስ እስካሁን አፍራለሁ።

ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ እትዬ አስካለ መንገድ ላይ ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነክቶህ ነው ከአሥር ሦስት ያልከው? ትናንት እናቲቱ ልጇን አቀፈችው እኮ! ቀስ ብዬ እያነበብኩ ስንቴ አለቀስኩ መሰለህ።»

«የምን እናት?» አልኳቸው።

«ውይ! ራስህ አይደለህ እንዴ የነገርከን?»

ተሰናበትኳቸውና በቀጥታ ወደ ጋሽ ብርሃኑ ሄጄ ፍላሹን ተቀበልኩ። በዚያው እሑድ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ፤ ሁለቱም ጽሑፎች ነበሩ፣ እንግሊዝኛውም አማርኛውም። ሰባተኛው ክፍል ላይ ጠንቋይዋ በልጁ ፊት ሰይፏን ትጥላለች። እንግሊዝኛው፣ «ልገድልህ ነበር የተላክሁት፤ አልቻልኩም» ይላል። የቢንያም አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ እንድገድልህ ነው የላኩኝ። እናትህ መሆኔን አላወቁም።»

ወደ ኋላ መልሼ ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት። አሥራ ሁለቱንም ክፍል እንደዚያው አድርጎታል። ሌሎች «ያቺ ሴት» ባሉበት ሁሉ «እናትህ» ብሏል፤ ከታሪኩ ጋር የሚጋጭ ሲመጣ ደግሞ እንዳይጋጭ አድርጎ አዙሮታል። በቀጥታ ቢተረጉመው ግማሽ ድካሙ ይቀርለት ነበር። እኔን ውሸታም ላለማድረግ ሲል ውሸቴን ተሸክሞ ሲዝኑን በሙሉ ሠራው። በሩ ላይ «እስከ መጨረሻው አየኸው?» ሲለኝም መልሱን ያውቀው ነበር። አይቼው ቢሆን ያን ወረቀት አልጽፍም ነበራ።

ሲዝኑም ግሩም ነበር። ውጊያው አንሷል ያልኩት እውነት ነው፤ ግን ያነሰው ለባለታሪኮቹ ጊዜ ሊሰጥ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ሲዝን በአዲስነቱ ይወደዳል፤ ሁለተኛው ግን ያመጣኸውን ሰው ምን ልታደርገው ነው ተብሎ ይጠየቃል። ይህኛው መልስ ነበረው። በሐቅ ብመዝነው ከአሥር ዘጠኝ እሰጠው ነበር፤ አንዱን የምቀንሰው መጨረሻውን ስላቻኮሉት ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላጥኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ወለምታ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ተለጥፎ ተነቧል። ለቢንያም፣ «ወረቀቱን አነሳሁት» አልኩት። «አይ፣ ምንም አይደል» አለ። ማየቴን አልነገርኩትም። ይቅርታ ብጠይቀው ምን ያህል እንደሚበልጠኝ በገዛ አፌ መመስከር ሆነብኝ። እሱም ከዚያ ወዲያ አንድም ፊልም አልተረጎመም። ሦስተኛው ሲዝን ሰፈራችን የደረሰው በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ነው፤ እኔም በርጩማው ላይ አልተመለስኩም።

ቢንያም አሁን ዘነበወርቅ አካባቢ ይኖራል፤ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ስንገናኝ ተቃቅፈን እንሳሳማለን፤ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ እናቴ ይጠይቀኛል። በተለያየን ቁጥር ዛሬም ማየቴን ሳልነግረው ቀረሁ እያልኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር ዛሬም እቀናበታለሁ። እንግሊዝኛውን አይደለም፤ እሱንማ ማንም ይማረዋል። የምቀናው ያን ሁሉ ሠርቶ፣ ተሰድቦበት፣ ዝም ማለት በመቻሉ ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ጠንቋይዋ ብቅ ካለችበት ቅዳሜ ጀምሮ እናትነቷ ቀርቶ ጠንቋይ ብቻ ትሆን ነበር።