የኔታ የዘለሏት አንድም

የኔታ ሐብተ ማርያም ጎንደር ከተማ ውስጥ ባንድ ደብር ወንጌል እየተረጎሙ ሸበቱ። ሙያቸው አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ለተማሪ ማመላለስ ነው። አንዲት አንድም ዘለሉ ብሎ የሚያማቸው ሰው አልነበረም።

አባታቸው አያ ዳኛው ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ባለች መንደር አራሽ ነበሩ። አልጋ ላይ ሲውሉ ልጄን ዓይኑን ልየው ብለው ላኩ። መንገዱ ግን ተኩስ ይሰማበታል፤ መኪናው አንድ ቀን ወጥቶ ሌላ ቀን ይቀራል። የኔታ ፈሩ። መፍራትስ ነውር አይደለም፣ ማን ያልፈራ አለ! ግን ፈራሁ ማለት አቃታቸውና የተማሪዎቼን ጉባኤ አጥፌ አልመጣም ብለው መለሱ።

አያ ዳኛው ሞቱ። የየኔታ ታላቅ እህት የትነበርሽ ደወለች። ጎልማሳው ሁሉ ሸሽቷል፣ ቃሬዛ የሚሸከም የለም፣ ዛሬ መኪና አለና ድረስልን፣ እስከ ነገ እናቆያቸዋለን ብላ ለመነች። የኔታም በስልክ «እትዬ፣ ጌታ ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ ብሏል» አሏት። ሙታን የተባሉት እነማን ናቸው ብትላቸው፣ በሥጋ እየኖሩ በነፍስ የሞቱ፣ ከዚህ ዓለም ሐሳብ ያልወጡ ናቸው አሏት። እሷም ስልኩን ዘጋችው።

ጉድ እኮ ነው፣ ጉባኤውም ያን ሰሞን እዚያው ቃል ላይ ደርሶ ነበር። ለተማሪዎቹ ያችኑ ለእህታቸው የነገሯትን ተረጎሙ። ሁለተኛዋ አንድም፣ ጌታን ከመከተሌ በፊት አባቴን ልቅበር ያለው ሰውዬ ይህን ሲል አባቱ ገና በሕይወት ነበር፣ እስኪሞት ልጡረው ማለቱ ነው የምትለው ናት። በሷ ከሄዱ ቃሉ መቅበርን አልከለከለም፤ አባቱ የሞተበት ልጅ ተነሥቶ መቅበር አለበት። እሷን ዘለሏት፤ ወደሚቀጥለው ቃል አለፉ።

አርባው ሲቃረብ የትነበርሽ መጣች። መዳፏ ዶማ ባቆሰለው ቦታ ጠባሳ ይዟል። የኔታ ሊስሟት ሲነሡ በእጇ ከለከለቻቸው።

«ወንድምዓለም፣ አባባን ቆፍረን የቀበርነው እኔና ሴቶቹ ነን። በነፍስ የሞትነው እንግዲህ እኛ ነን?»

የኔታ በርጩማ ስበው አቀረቡላት። ያ ሁሉ አንድም የት ገባ!

«እንደሱ ከሆነ» አለች፣ «አርባውንም እኛው ሙታኑ እናወጣዋለን። አንተ ጉባኤህን እንዳታጥፍ።»

ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች። የኔታ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እስከ መናኸሪያው ተከተሏት። መኪናው ውስጥ ክፍት ወንበር ነበረ። ረዳቱ አባቴ ይግቡ ቢላቸው ወደ ኋላ አሉ፤ አሁንም ፈርተው ነበር። የትነበርሽ በመስኮት አየቻቸውና ፊቷን መለሰች።

በአያ ዳኛው መንደር አርባው በወጣበት ቀን የኔታ ጉባኤ ተቀምጠው ያችን የዘለሏትን አንድም ለተማሪዎቻቸው ነገሩ። ሸጋ አድርገው፣ ምንም ሳያጎድሉ ተረጎሟት። ተማሪዎቹም እየተቀበሉ አጠኗት።