በር ያለው ጀልባ

ባለፈው ክረምት ልጄ በስልኬ የሸራ ጀልባ ውድድር አይታ «እማዬ፣ ሥሪልኝ» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ላሊበላ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ጀልባ ምን ያውቃል እንዳትሉኝ። እኛ ልጆች ሳለን ባለ ጀልባ ነበርን።

ከሰፈራችን በታች ለግንብ ሥራ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ በክረምት ውኃ ይቋጥር ነበር። ጀልባዎቻችንን ከደረቀ የቁልቋል ግንድ ጠርበን፣ ሆዳቸውን ፈልፍለን፣ ሸራቸውን ከተቀደደ ጃንጥላ እንቆርጣለን። እንዳይገለበጡ ከሥራቸው ሚስማር እንሰካለን። ምሰሶው ወደ ኋላ ትንሽ ዘመም ካለ ጀልባው ይፈጥናል፤ ብዙ ከዘመመ ግን ባለበት ይዞራል። ይህን ለማወቅ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ሕጋችን ደግሞ ጨካኝ ነበር፤ የተሸነፈ ጀልባውን ያስረክባል። የጎረቤታችን ልጅ ደሳለኝ የሰፈሩን ጀልባ ሁሉ ሰብስቦ መስኮቱ ላይ ደርድሮታል። የቀረችው የእኔዋ ብቻ ነበረች።

ከደሳለኝ ጋር ልንወዳደር ሁለት ቀን ሲቀረን ጀልባዬ ተሰነጠቀች። ስንጥቅ የምንደፍነው በጧፍ ሰም ስለነበር ትራፊ ፍለጋ ወደ አጎቴ ሮጥኩ። የኔታ ነበር የምንላቸው፤ የቆሎ ተማሪ ያስተምራሉ፣ ብራና ይጽፋሉ። ሐይቅ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ጀልባዬን አገላብጠው አዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«በሯ የታለ?»

«ጀልባ በር የለውም፣ የኔታ።»

«የኖኅ መርከብ በጎኗ በር ነበራት። አንቺ ከኖኅ ልትበልጪ ነው?»

«ውኃ ቢገባስ?»

«ትዘጊዋለሽ እንጂ!»

ለየኔታ እምቢ አይባልም። በብዕር መቅረጫ ቢላዋቸው የጀልባዬን ጎን ቆርጠው በር አወጡላት፤ ማጠፊያውን ከብራና ቁራጭ ሠሩ። ሲያምር! ክፍት ዝግ ሳደርገው ዋልኩ፤ በኋላ ስንጥቋንም የበሩን ዙሪያም በሰም አሸግን።

የውድድሩ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። የኔታ ጋቢያቸውን ለብሰው ሊመርቁኝ መጡ። ጀልባዬ የደሳለኝን ጥላት ሄደች። ማዶው ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሰሙ ለሰለሰና በሯ፣ እንስሳ ጥንድ ጥንድ ላስገባ ያለች ይመስል፣ ወለል ብሎ ተከፈተ። የገባው ግን ውኃ ነው። በጎኗ ተኝታ ሰመጠች።

«ሁሉም በእርስዎ ነው!» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባቸው።

«ኖኅም እኮ የሠራት ሊድንባት እንጂ ሊቀድምባት አልነበረም» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ኩራቴ አላስቻለኝም።

ደሳለኝ ጀልባዬን ከውኃ አውጥቶ ወሰዳት። በማግስቱ የሰበሰባቸውን ጀልባዎች ሁሉ በቅርጫት ተሸክሞ የኔታ ደጅ ቆመ፤ በር እንዲያወጡላቸው! መስመጧን በዓይኑ አይቶ እንኳ በሩ አስቀንቶት ኖሯል። በሳምንቱ የሰፈሩ ጀልባ በሙሉ ባለ በር ሆኖ ሰመጠ።

ዛሬ ጉድጓዱ ተደፍኖ ቤት ተሠርቶበታል። የኔታም አርፈዋል፤ ይቅርታዬ እጄ ላይ ቀረ። ለልጄ ጀልባ ስጠርብላት ቢላዋው ሳላዘው ወደ ጎኗ ሄደ።

«እማዬ፣ ጀልባ በር አለው እንዴ?»

«የእኛ አለው።»

ግቢያችን ውስጥ ዝናብ ያቆረው ውኃ ላይ ለቀቅናት። ትንሽ ሄደች፣ በሯ ተከፈተ፣ ሰመጠች። ልጄ ዞራ «ሁሉም ባንቺ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ለካ የኔታ ያን ቀን እያለቀሱ አልነበረም።