አክስቴ ሰክራለች የተባለችበት ዕለት

ባለፈው ወር፣ ባለቤቴ ከተቀበረ ሳልስቱ ሳያልፍ፣ ጎረቤቴ ብርቄ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ለሴቶቹ ስታወራ ሰማኋት። «ያመመው ዕለት ጠዋት እኮ መንገድ ላይ አይቼው ነበር። ምላሱ ሲተሳሰር ጊዜ ሞቅ ብሎት መስሎኝ አፍሬለት አለፍኩ» አለች። እፍረቷን እንደ ደግነት ነው የምታወራው። የሎሚና የሽንኩርት ሽታ ጉሮሮዬ ላይ መጣብኝ። ይህ ሽታ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ጀምሮ የሚከተለኝ ነው።

ያኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ጥሩነሽ ገዳሪፍ፣ የጭነት መኪኖች መቆሚያ አጠገብ ፉል ትሸጥ ነበር። ክረምቱን እዚያ ኸሪፍ ይሉታል፤ ጥቁሩ ጭቃ ጫማን ከእግር ነጥቆ ያስቀራል፣ ዝንቡ ከሰው እኩል ከሳህኑ ይበላል። አክስቴ ፉሉ ላይ የሰሊጥ ዘይት ስታፈስ መዓዛው ሾፌሮቹን ከሩቅ ይጠራል። ራሷን ሲያማት ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋ ታስራለች እንጂ ሐኪም ቤት ሄዳ አታውቅም። ጠላ እንኳ ቀምሳ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ተንገዳገደች፤ ቀና ስትል አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ልትናገር ሞከረች፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ተልመጠመጠ። አንድ ሾፌር ጉርሻውን ሳይውጥ ሳቀ።

«ሰክራና! ሐበሻዋ በጠዋቱ ሰክራለች!»

በዚያ ዘመን እዚያ መጠጥ ያስገርፋል። ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈተሸው የእኛ ሴቶች ቤት ነው። ስለዚህ አብራን የምትኖረው አልማዝ አክስቴን በብብቷ ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻትና በሩን ቀረቀረች። ሽንኩርት ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃ አፏ ውስጥ ትጠቀጥቅ ጀመር።

«ዋጪው እንጂ! ሽታው ይጥፋ! ልታስገርፊን ነው?»

አክስቴ መዋጥ አልቻለችም። አረፋና የሽንኩርት ዝልግልግ ከከንፈሯ ጥግ እየተዝረበረበ አንገቷ ሥር ይገባል፤ ትን ሲላት በአፍንጫዋ ይመለሳል፤ ዝንቦች ይሰፍሩበታል። አልማዝ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ እንደገና ታጎርሳታለች። ቀርቤ አፏን አሸተትኩ። ከሽንኩርቱ ሌላ ምንም የለም።

«እት አልማዝ፣ አልጠጣችም እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ! ትተኛ፣ ይበርድላታል።»

ከሰዓት በኋላም አልበረደላትም። የቆሸሸ ቀሚሷን ልቀይርላት ቀና ሳደርጋት ግራ እጇ አንገቴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ፤ ቀኟ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ዱብ አለ። «አንሺው፣ አክስቴ» አልኳት። ዐይን ዐይኔን እያየች አላነሳችውም።

«ስካር የሰውን ግማሽ ብቻ ይይዛል እንዴ?» ብዬ አልማዝ ላይ ጮህኩባት። በሩን ከፍቼ የአህያ ጋሪ ጠራሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ ፊቱ ተለወጠ። «መቼ ጀመራት?» አለኝ።

«ጠዋት።»

«ጠዋት? እስካሁን የት ነበራችሁ?»

አልማዝ ሽንኩርትና ሎሚ እንዳጎረሰቻት ነገረችው። ደም አንጎሏ ውስጥ ፈስሷል፣ ያጎረሳችኋትም ሳንባዋ ገብቷል አለን። አክስቴ ከዚያ አልጋ አልተነሳችም። የገደላት ሽንኩርቱ ይሁን የባከነው ሰዓት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ያ ሾፌር በራፍ ላይ ቆሞ «ፉል የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀን።

እናም ባለፈው ወር ብርቄን ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጠየቅኋት። «ምላሱን ሰማሽ። እጁንስ አላየሽም?»

«እጁንማ... በግራው እንደ መጥራት አድርጎኝ ነበር። ቀኙ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ፤ የሰካራም ነገር ነው ብዬ...»

ባለቤቴ በግራው ሰው ጠርቶ አያውቅም። የያዘችውን ብርጭቆ ተቀብያት ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰውን ሰክሯል ለማለት እንዲህ እንቸኩላለን። ብርቄ አፍራለት ያለፈችው ሰው፣ በቀረው አንድ እጁ እየጠራት ነበር።