ሰማያዊዋ የምትመጣበት ሰዓት

ካሜራዬ ስገዛው አብሮት ከመጣው አጭር ሌንስ ሌላ የለውም። ጥንብ አንሳ ቢሆን እንደ ልብ ያነሳል። እኔ የምወደው ግን አውራ ጣት የምታክለዋን ወፍ ነው። ለእሷ ሁለት ሜትር ድረስ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ነይ ቅረቢኝ የሚል ወፍ ደግሞ የት ይገኛል?

ይህን ጣጣ ያመጣችብኝ እናቴ ናት። አቃቂ ወንዝ ዳር ከነበረው ቤታችን ተነስተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባን ወዲህ ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ አለ። ቀስ በቀስ ከአልጋ መነሳትም ተወች። ወሬዋ ሁሉ ድሮ ጠዋት ጠዋት ደጃችን ስለምትመጣ አንዲት ወፍ ሆነ፤ ሆዷ ሰማያዊ፣ ጉንጯ ቀይ። ቀይ ጉንጭ ያለው ወንዱ እንደሆነ አንብቤያለሁ፤ ለእናቴ ግን "እሷ" ናት። "ወንዙ ዳር የተተከለው ፋብሪካ ጨርሷታል፤ የለችም" ትላለች። እንዳለች ባሳያት እናቴም ትነሳ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

የምሠራው ቃሊቲ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ከጭነት መኪና እህል ስለሚንጠባጠብ ግቢው ወፍ አያጣም። በምሳ ሰዓት ማዳበሪያ ተከናንቤ ከግድግዳው ሥር እያደባሁ ስንት ቀን አነሳሁ! የተሻለችውን መርጬ ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ፣ "ይሄ ዝንብ ነው?" አለችኝ። ተናደድኩ፤ እውነቷን ስለሆነ ደግሞ ባሰብኝ።

የመጋዘኑ ዘበኛ የስልጤ ሽማግሌ ናቸው። ማዳበሪያዬን ሲያዩ ሰንብተው አንድ ቀን አላስቻላቸውም።

"አንቺ ልጅ፣ የሚደበቅ ሌባ ነው። ነይ፣ እዚህ በግልጽ ተቀመጪ" አሉኝ።

በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ከፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ ለሶላት ይታጠባሉ። ምንጣፋቸው ላይ ሲቆሙ ድንቢጦቹ በፈሰሰው ውሃ ላይ ይወርዳሉ። ሽማግሌው ያጎነብሳሉ፣ ይነሳሉ፤ ከወፎቹ አንዷም ንቅንቅ አትልም። ይህን የመሰለ ነገር ከአፍንጫዬ ሥር እየሆነ ልብ ብዬ ባለማየቴ አፈርኩ።

"አባባ፣ ምን አድርገውላቸው ነው?"

"ምንም። ሰዓቴን አላዛንፍም፤ ይኸው ነው።"

እኔ ችኩል ነኝ፤ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ያንኑ ሹራብ ለብሼ፣ ካሜራዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ መጣች። ሰማያዊዋ! ከእግሬ ሁለት እርምጃ ርቃ ጠጣች፣ ክንፏን ነከረች፣ ቀና ብላ አየችኝ። አነሳኋት።

እናቴ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። "ያቻት" አለች። ከዚያ ከወፏ ኋላ ደብዝዞ የሚታየውን ያጎነበሰ ሰው አየችና ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ውሃውና ስለ ሰዓቱ ነገርኳት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ውሃ የሞላ ሳህን አገኘሁ። ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም።

ሰማያዊዋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ትውጣ አትውጣ እንጃ። ትናንት ግን እናቴ ምሳ በልታ እንደሆነ ልጠይቅ ብደውልላት፣ "በዚህ ሰዓት አትደውይብኝ አላልኩሽም? በረንዳ ላይ ነኝ" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።