እትዬ መርፌ ቀድመው ያስያዙ ዕለት

እትዬ መርፌ ያልሰፉት ነገር ቢኖር የሰው አፍ ብቻ ነው ይባላል። ዓይናቸው ግን ከዳቸው። በዚያ ላይ ጎረቤት ግንብ ሠራና ከልብስ ስፌት ቤቱ ሁለት መስኮቶች አንዱን ደፈነው። አንድ መስኮት ለሁለት ሰፊ ቀረ፤ ለሳቸውና ለቀጮ።

ቀጮን ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። "ይውሰዱት እትዬ" ቢላቸው፣ "በምጽዋት ብርሃን አልሰፋም!" ብለው ተቆጡ። እሱም ቢሆን እውነቱን ለመናገር መስኮቱን ይፈልገዋል፤ ደንበኛ ቀድሞ የሚያየው እዚያ የተቀመጠውን ሰፊ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደ ልማዳቸው በፖከር ካርታ ጨዋታ ይለይ ተባለ። እትዬ ከተሸነፉ በጨለማው ጥግ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችሉም። መቀሳቸውን ጠቅልለው ቤታቸው ይገባሉ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አላነሳውም።

የሚያስይዙት የልብስ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ያለቀበት ተሸነፈ። የቤቱ ልብስ ተኳሽ ካውያውን አስቀምጦ ካርታውን በወዘ። በደንቡ አንዱ ትንሹን፣ ሌላው ትልቁን መደብ ካርታውን ሳያይ ያስቀምጣል። ትልቁ ለእትዬ ደረሰ።

ቀጮ ሁለት ካርታውን አየ፤ አስና ንጉሥ። ጨመረ። እትዬ ተከተሉ። ጠረጴዛው ላይ ለሁለቱም የሚያገለግሉት ካርታዎች ተገለጡ፤ ንጉሥ፣ አራት፣ አምስት፣ ቀጥሎ ጃክ። ቀጮ ሁለት ንጉሥ ሞላለት። እትዬ በየዙሩ ተራቸውን ሳያስይዙ ያልፋሉ፣ እሱ ያስይዛል፣ እሳቸው ይከተላሉ።

"እትዬ፣ ጥጉ ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ያዘጋጁ።"

"አፍህን ዝጋ፣ ዝንብ ይገባል።"

የመጨረሻው ካርታ ስድስት ሆነ። ቀጮ እሳቸው እስኪያልፉ ሲጠብቅ፣ እትዬ ያላቸውን ቁልፍ ሁሉ በክንዳቸው ጠርገው መሀል ከተቱት።

መጨረሻ ላይ ቀድመው አስይዘው አያውቁም! ቀጮ ላብ አጠመቀው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ተደርድሯል፤ ሰባትና ስምንት የያዘ ሰው አምስት ተከታታይ ሞልቶለት ይቀጠቅጠዋል። ደህና ሰው በእንዲህ ያለ ኮተት አይገባም። እትዬ ግን ሳያዩ ከፍለው ነው የገቡት፤ እጃቸው ላይ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ጣታቸውን አየ፤ ንቅንቅ አይልም።

"ቶሎ በል እንጂ፣ ሱሪ እየለካህ ነው?" አለ ተኳሹ።

ቀጮ ካርታውን ጣለ፤ መሀል የተከመረው ቁልፍ የእትዬ ሆነ።

እትዬ ማሳየት ግዴታቸው አልነበረም፤ ግን ገለጡት። የልብ አስርና የልብ ሁለት። ከጠረጴዛው ጋር የሚገጥም ነገር የለውም። ባዶ!

"ወይ ጉድ!" አለ ተኳሹ፣ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ።

ጥቂት እንደተጫወቱ ትልቁ መደብ እንደገና ደረሳቸው። የመጨረሻው ካርታ ሲገለጥ አሁንም ቀድመው ሁሉንም ገፉ።

"አሁንስ አልበረግግም!" ቀጮ ሁለት አሱን ተማምኖ የቀረውን ቁልፍ ደፋ።

እትዬ ገለጡ። ሦስት ዘጠኝ፤ ሁለቱ አስ ተበላ።

ቀጮ ካርታውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ንዴት ሲጠብቅ የመጣበት ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነቱን ውርር አደረገው። ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ሥራ በባዶ እጅ ላይ አስይዘው እኮ ነው እንደዚያ የተቀመጡት!

"ቅድም ለምን ባዶውን አሳዩኝ?"

"አሁን እንዳታምነኝ ነዋ።"

ብድግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ና ደግፈኝ" አሉት ቀስ ብለው፤ "ጉልበቴ ያቺ ስድስት ከወጣች ጀምሮ የለም።"

ቀጮ በአንድ እጁ እሳቸውን፣ በሌላው ወንበራቸውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ።