የደረጀን መኪና ለመሥራት ካምፓላ ድረስ

ሐሙስ፣ ከቦሌ ወደ ኢንቴቤ

ጥር 2014፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የአስር ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ከቦሌ ተነሣሁ። እናቴን "ደረጀን አይቼ፣ መኪናውን ሠርቼለት እመለሳለሁ" ብያታለሁ። መኪናውን ልሠራ መሄዴ እውነት ነው። ደረጀን አያለሁ ማለቴ ግን ውሸት ነው። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ካምፓላ ላይ በኮሮና ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ እናታችን አልተነገራትም።

መጀመሪያ ላይ ምክንያት ነበረን። እሱ በሞተ ሰሞን እሷ ወድቃ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበረች። የሰፈር ሽማግሌዎች "ትነሣና መርዶው ይነገራታል" አሉ፤ ወጉም ይኸው ነው። "ደረጀ ሥራ አግኝቶ ስልክ የማይሠራበት ገጠር ገብቷል" አልናት። ኅዳር ላይ ምርኩዝ ይዛ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ምክንያቱ የኔ ሆነ። ጾሙ ይውጣ፣ ገና ይለፍ፣ ጥምቀት ይለፍ እያልኩ ጎተትኩት። እኔ ተስፋዬ፣ ጋራዤ ውስጥ ስቆጣ ሠራተኛው ሁሉ መግቢያ የሚያጣው ሰው፣ ምርኩዝ የያዘች አንዲት አሮጊት ፈራሁ።

በመጨረሻ እህቴ ዘነበች አፋጠጠችኝ። "ሂድና ፎቶውንና ጋቢውን አምጣ፤ በባዶ ቤት አይለቀስም። ስትመለስ ግን አበቃ፣ በማግስቱ ይነገራታል" አለችኝ። እሺ ብዬ ቲኬት ቆረጥኩ።

እናቴ ሁልጊዜ ወደ ካምፓላ ለሚሄድ ሰው ለደረጀ ዳቦ ቆሎ ትሰጣለች። እሱ ያለዚያ ሻይ አይጠጣም ነበር። ዘንድሮ የሰጠችኝ ሽሮና በርበሬ ብቻ ነው፤ "ለሂሩት ነው" አለችኝ። ሂሩት የደረጀ ሚስት ናት። እጇ ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

በረራው ሁለት ሰዓት ነው። ኢንቴቤ ላይ አፍንጫዬን በጥጥ ወግተው ውጤት እስኪመጣ አስቀመጡኝ። ከዚያ በመቶ ሺህ ሽልንግ ታክሲ ይዤ ካባላጋላ ገባሁ። መንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝና አረንጓዴ ነው፤ አፈሩ ቀይ። ያገሬ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ስለሆነ ገና ከታክሲው ሳልወርድ "ነፍስ ይማር ጋሼ" ያለኝ ሰው አለ። እዚህ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አልቅሶለታል። ሂሩት በሩ ላይ አንገቴን አቅፋ፣ "ጋሼ፣ ዘገየህ እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ብርማ፣ አሮጌ ስቴሽን ናት። የሞተሩን ካቴና ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር ካረጀ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቴንሽነሩ ሲደክም ካቴናው ይላላል፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ፣ ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ሴኮንድ ካካካካ ይላል። ደረጀ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውልና ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ያስነሣት ነበር። "ስማልኝ እስቲ ጋሼ፣ ባሰባት?" ይለኛል። እኔ ወደ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት እናቴ ቤት ሻይ ስጠጣ ነው ሰዓቱ። እናቴም ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ "ዛሬም ጥርሷን አፋጨች" እያለች ትስቅ ነበር።

ለምን አላሠራውም? እኔ ነኝ የከለከልኩት። "ማንም እንዳይነካት! ቴንሽነሩ ወጥቶ ሞተሩን ካዞሩት ካቴናው ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭህ ይጣመማል። በሚቀጥለው ወር መጥቼ ራሴ እሠራልሃለሁ" አልኩት። የሚቀጥለው ወር ዓመት ተኩል ፈጀ። መጀመሪያ በኮሮና ተዘጋ፣ ሲከፈት ሥራ በዛብኝ፣ ደግሞ ተዘጋ። መኪና መንዳት ክልክል በሆነበት ሰሞን እንኳ ባትሪው እንዳይሞት ብሎ ግቢ ውስጥ በየጠዋቱ ያስነሣትና ያሰማኝ ነበር። ታሞ እስከተኛበት ቀን ድረስ።

አሁን ሂሩት መኪናዋን ትፈልጋታለች። ከናካዋ ገበያ አትክልት እያመጣች ለሀበሻ ምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች። ሰባት ወር ሙሉ ጆንያውን በቦዳ ስታመላልስ ኖራለች፤ ሞተር ብስክሌት ላይ ከሽንኩርት ጋር መሳፈር ቀልድ አይደለም።

ሐኪም ሳያዳምጥ አይቆርጥም ብዬ፣ ከጎረቤት መኪና በገመድ ኤሌክትሪክ ወስጄ አስነሣኋት። ካካካካካ! ግቢው ተናወጠ። ሂሩት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞረች። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት፤ የሞተሩ ጩኸት ገና ሳያባራ አነሣሁት።

"ማነው ያስነሣት?" አለችኝ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"በል ደህና አድርገህ ሠርተህ ለልጅቷ ስጣት። በሰው አገር ብቻዋን አትንከራተት" ብላ ዘጋች።

ብቻዋን? ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ደረጀ ገጠር ነው ስላልናት ነው አልኩ ለራሴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው፤ ውስጤ ያውቀዋል፣ እኔ ግን ማወቅ አልፈለግሁም።

ወረቀቶቿን ፍለጋ የዳሽቦርዱን ኪስ ስከፍት አንድ ያልተከፈተ ካርቶን አገኘሁ። አዲስ ቴንሽነር ነው። ላዩ ላይ በደረጀ እጅ ጽሑፍ፣ "ጋሼ ሲመጣ" ይላል። እኔ ከአዲስ አበባ ሌላ ገዝቼ መጥቻለሁ። የሱን ነው የምገጥመው አልኩና መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ሂሩት አላቋረጠችኝም። ኋላ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዝ በኦቾሎኒ ወጥ አቀረበችልኝ፤ ሁለታችንም ብዙ አልበላንም።

ከሰዓት ሥራ ጀመርኩ። ቴንሽነሩ የተያዘው በሁለት ዳዶ ነው። አንደኛው እሺ አለ፤ ሁለተኛው ዝጎ ስለነበር ብሎኑ ከነዳዶው ተቆረጠ። ተሳደብኩ፣ ግን ማንን እንደምሰድብ አላውቅም። ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ቁራጭ በብዙ ትዕግሥት አወጣሁት።

ቅዳሜ፣ ካትዌ

ተመሳሳይ ብሎን ለማስቀረጽ ቁራጩን በኪሴ ይዤ በአምስት ሺህ ሽልንግ ቦዳ ላይ ወጣሁ። ነጂው በመኪናዎች መሀል ሲሹለከለክ ዳዊት የማያውቅ ሰው እንኳ ይደግማል። የሜንጎን ኮረብታ በቀኝ ትተን ካትዌ ደረስን። ካትዌ ብረት የሚጮኽበት ሰፈር ነው፤ ምድጃ፣ ሳንዱቅ፣ የበር ፍርግርግ መንገድ ዳር ይቀጠቀጣል። መንገድ ላይ ቻፓቲ በእንቁላል የሚጠቀለልበትን ሮሌክስ ገዝቼ ቆሜ በላሁ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ጥሩ ነው።

ብረት መቅረጫ ቶርኖ ያለው ሰውዬ ሙሳ ይባላል። ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩ በሽቦ የታሰረ፣ እንደኔው ነገረኛ። በእንግሊዝኛ ተግባባን። ቁራጯን አገላብጦ አየና፣ "ለዚች ብለህ ነው ከኢትዮጵያ የመጣኸው?" ብሎ ሳቀብኝ።

"የወንድሜ መኪና ናት።"

"ታዲያ እሱ ለምን አልመጣም? ሰነፍ ነው?"

"ሞቷል" አልኩት።

ይህን ቃል ስናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ አበባ ሞቱን የምናውቅ ሁሉ "ያ ነገር" እያልን ነበር የምናወራው። ሰባት ወር በአማርኛ አልወጣ ያለኝ፣ ለማላውቀው ሰው በሰው ቋንቋ አመለጠኝ።

ሙሳ መነጽሩን አወለቀ። "ኪታሎ ኞ፣ ሰቦ" አለኝ፤ በነሱ አገር ሐዘንተኛ የሚጽናናው እንዲህ ነው። "እናታችሁ አለች? እንዴት ቻለችው?" ሲል ጠየቀ።

"አልነገርናትም።"

ቶርኖውን አጠፋው። "ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሰባት ወር።"

"ሰባት ወር?" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "እንግዲያ ከእናትየው ጋር ማን አብሮ ያለቅሳል?"

የኛ ወግ ነው፣ ታማ ነበር፣ እንዲህና እንዲያ ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "አሁንም ታማለች?" አለኝ። ብሎኗን ቀርጾ፣ በዘይት አብሶ በእጄ አስቀመጠልኝ፤ አስር ሺህ ከፍዬ ወጣሁ።

ቀሪው ሥራ ቀላል ነበር። አዲሱን ቴንሽነር ጫፉን ወደ ውስጥ ገፍቼ በመንጠቆው ያዝኩት፤ ገጠምኩት፤ ሁለቱን ዳዶ አጠበቅሁ። ከዚያ ሞተሩን የሚያዞረውን ፑሊ በእጄ ወደ ኋላ ትንሽ ሳዞረው ቀጭ አለ፤ መንጠቆው ለቀቀ፣ ካቴናው ተወጠረ። ሰዓቴን አየሁ። ግማሽ ሰዓት። የተቆረጠችው ብሎን ባትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

እሑድ፣ ሁለት ዝምታ

ቴንሽነር የሚፈተነው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ጠዋት ሂሩትን "አንቺ አስነሺያት" አልኳት። ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ያለ አንዳች ጩኸት ተነሣች። ሞያዬ ነውና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

"ድምፁ ጠፋ" አለች ሂሩት። "የሱ ጠዋት ያ ነበር እኮ፣ ጋሼ።" ደረቷን እየመታች አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ያን ቀን ማንም ዝም በሉ አላለንም።

በራሷ መኪና መቃብሩ ድረስ ወሰደችኝ። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ሣር የበዛበት ቦታ ነው፤ ስሙ በእንጨት ላይ ተጽፏል። ተንበርክኬ ምን አልኩት መሰላችሁ? "መጣሁ፣ ሠራኋት" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ሰኞ በረርኩ። ማክሰኞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በመርዶ ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ፣ የንስሐ አባታችንና ጎረቤቶች በር ላይ ተሰበሰቡ። ዘነበች ፎቶውን በጋቢው ጠቅልላ ይዛለች። በሩን ገና ሳንቆረቁር ከውስጥ ተከፈተ።

እናቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ምርኩዟን ተደግፋ ቆማለች። ወንበሮቹ ለለቅሶ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል።

"ግቡ" አለች። "ደከማችሁ።"

ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ያቺ መኪና ጠዋት ጠዋት ዝም ስትል ጊዜ አወቅሁ እኮ፣ ተስፋዬ። ገጠር ሄዶ ቢሆን ሚስቱ ለባትሪው ብላ ታስነሣት ነበር፤ በስልክም ታሰማህ ነበር። መኪናዋን ማስነሣት ያቃታት ልቧ ቢሰበር ነው።"

"ታዲያ እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?"

"እናንተ ካልነገራችሁኝ አልሞተም ብዬ ነዋ። ዳቦ ቆሎ መጥበስ ግን አልቻልኩም፤ እጄ እምቢ አለኝ።" ክንዴን ያዘችኝ። "በል አሁን ንገረኝ። ብቻዬን አልቅሼ አልቅሼ ደክሞኛል። አንተ ንገረኝና እንደ ሰው ላልቅስ።"

"ደረጀ ሞተ፣ እማዬ" አልኳት በአማርኛ።

ያሰማችው ጩኸት እስከ መንገድ ተሰማ፤ ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ቤቱ ሰው አላጣም፤ እናቴም ፎቶውን ታቅፋ፣ ሰው እያቀፋት አለቀሰች።

ከጉዞዬ ያመጣሁት ፎቶ፣ ጋቢና አንድ ያረጀ ቴንሽነር ነው። ቴንሽነሩን ጋራዤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሰላሳ ዓመት ሞተር በጆሮዬ ስመረምር ኖሬ፣ አጠገቧ ሻይ እየጠጣሁ የእናቴን ዝምታ አልሰማሁም። ወንድሜን ዓመት ተኩል፣ እናቴን ሰባት ወር አስጠበቅሁ። ሁለቱም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።