በረዶው የተሰነጠቀበት ቀትር

ሳቬሊ ኩዝሚች ድምፁ የማይሰማ፣ እጁ ግን ሥራ የማይፈታ ሰው ነበር። ቮሎግዳ ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት የአየር ጠባይ ሲመዘግብ ኖሮ፣ በአርባ ሰባት ዓመቱ በዋልታው ባሕር ላይ ወደሚንሳፈፈው የበረዶ ጣቢያ መጣ። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ከእግራቸው ሥር ሦስት ሜትር በረዶ፣ ከዚያ በታች ሦስት ሺህ ሜትር ውኃ። የውኃውን ነገር ማንም አያነሳም።

በየሦስት ሰዓቱ ከጎጆዎቹ ሰማንያ እርምጃ ርቃ ወደቆመችው ነጭ የእንጨት ሳጥን ሄዶ ቴርሞሜትሩን ያነባል፤ ነፋሱንና ደመናውን ይጽፋል። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ምግብ አብሳዩ ፖታፕ በዚህ ያላግጥበታል።

«ኩዝሚች፣ ሳጥንህ ዛሬስ ምን አለችህ? ብርድ ነው አለችህ?»

«አዎ፣ አለችኝ።»

«እኔን ብትጠይቀኝ እኮ ቁጭ እንዳልክ በነገርኩህ!»

ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐይ መጥለቅ ባቆመችበት ሰሞን፣ ኩዝሚች ቀትር ላይ ሳጥኗን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ። ቁጥሩን እንደጻፈ አንዳች ነገር እንደ መድፍ ጓ! አለ። ዞር ቢል በእሱና በጎጆዎቹ መካከል ጥቁር ስንጥቅ ተጋድሟል። ዓይኑ እያየ ክንድ ሆነ፤ ሁለት ክንድ ሆነ። ከውስጡ እንፋሎት ይትጎለጎላል።

«ዝለል! ኩዝሚች፣ ዝለል!» አለ የጣቢያው አለቃ።

ጆሮው ሰማ፤ እግሩ ግን የሌላ ሰው እግር ሆነ። ደብተሩን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ክው ብሎ ቀረ። የመጣለት የሞት ሐሳብ እንኳ አልነበረም። «ደመናውን አልጻፍኩም» ብቻ ነበር።

ፖታፕ ሽርጡን እንዳገለደመ መሰላል እየጎተተ መጣና በስንጥቁ ላይ ጣለው።

«አንተ ደንቆሮ! ሾርባዬ በአንተ የተነሳ ሊያርር ነው! ና ብያለሁ!»

ስድቡ ነቀነቀው። ተንበርክኮ በእጁና በጉልበቱ መሰላሉ ላይ ተሳበ። ሊደርስ ሲል የመሰላሉ ጫፍ ተንሸራተተ፤ ፖታፕ ኮሌታውን አንቆ ጎትቶ አወጣው። መሰላሉን ውኃው ዋጠው።

በእራት ሰዓት ነጯ ሳጥን በተገነጠለው በረዶ ላይ እንዳለች ጥርስ አክላ ከሩቅ ትታይ ነበር። ኩዝሚች መንቀጥቀጥ የጀመረው ገና ያኔ ነው። ማንኪያው ከጥርሱ ጋር ይንቀጫቀጫል። ፖታፕ አልቀለደም፤ ሳህኑን ይዞለት አስጨረሰው።

«እንዴት ተሻገርኩ?» አለ ኩዝሚች።

«አታስታውስም እንዴ?»

«ምንም።»

ከዚያ ወዲህ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛ ነበር። በግንቦት አውሮፕላን መጥቶ ወሰደው።

ቮሎግዳ ሲመለስ ሥራውን ቀጠለ። ለሚስቱ ለአጋፊያ የነገራት «በረዶ ተሰነጠቀ» ብቻ ነው። ይሁንና በየፀደዩ በከተማው ወንዝ ላይ የረጋው በረዶ እየጮኸ ሲፈርስ፣ ሕዝቡ ለማየት ግልብጥ ብሎ ሲወጣ፣ እሱ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ማድ ቤት ይቀመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ አጋፊያ ከጎረቤቶቿ ጋር ትሄድ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን መሐረቧን ከራሷ ፈታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጩኸቱ እስኪያልፍም አልተነሳችም።